ብርነሽ ሁለት ጊዜ መሰከረች

ልብስ ሰፊ ሲዋሽ ማንም አይደነቅም። «ሐሙስ ነይ» ይላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ላፍቶ ካሉት ልብስ ሰፊዎች መካከል የብርነሽ ስም የሚነሣው ባለመዋሸቷ ነው። ሐሙስ ካለች ሐሙስ ነው። የማትደርስ ከሆነም «አልደርስልሽም፣ ሌላ ጋ ውሰጂው» ትላለች እንጂ ሥራ ተቀብላ አታንገላታም። ነሐሴ ላይ ወላጆች ሱቋ በር ላይ የሚሰለፉት ስፌቷ ከሌላው በልጦ አይደለም፤ ልጃቸው ትምህርት በተከፈተ ቀን ያለ ዩኒፎርም እንደማይቀር ስለሚያውቁ ነው።

የተወለደችው ከዱራሜ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነፋስ ስልክ ከምትኖር አክስቷ ዘንድ መጣች፤ አክስቷ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ስለነበራት ሙያውን ከእሷ ተማረች። ከባሏ ከመኩሪያ ጋር የተዋወቁት ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። መኩሪያ የሲኖትራክ ሹፌር ነው፤ በለቡና በጀሞ በኩል ለሚሠሩ ሕንፃዎች አሸዋና ጠጠር ያመላልሳል። ሁለት ልጆች አሳድገው ከቤት አውጥተዋል። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እሷ ጴንጤ፤ በዚህ ተጨቃጭቀው አያውቁም። እሱ የሚሄደው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው። እሷ ግን እሁድ ቀርታ አታውቅም።

ቤተ ክርስቲያኗ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሦስት መቶ ያህል ሰው ይሰበሰብበታል። መጋቢው ፓስተር ኢያቄም ይባላል፤ ዕድሜው ከብርነሽ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

ብርነሽ ስኳር እንዳለባት ያወቀችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው። ውኃ ይጠማት ጀመር፣ እግሯ ይደነዝዛል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመረመረችና ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። ሦስት ዓመት ያህል ሳታዛንፍ ዋጠች። በየወሩ እየሄደች ትለካለች፤ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ይላል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኗ የሦስት ቀን የጸሎት ፕሮግራም ተዘጋጀ። ከሌላ ከተማ የተጋበዘ አገልጋይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሕመምተኞች ወደ ፊት ሲጠሩ ብርነሽም ወጣች። እጁን ሲጭንባት ከማጅራቷ ጀምሮ እስከ እግሯ ጣት ድረስ ሙቀት ወረዳት። የደነዘዘው እግሯ የተፈታ መሰላት። አለቀሰች። ይህን ያህሉን ብርነሽ ዛሬም አትክድም፤ ሙቀቱ እውነት ነበር ትላለች።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የወር ቀጠሮዋ ደረሰ። ስትለካ አንድ መቶ አራት ሆነ። ነርሷ «በጣም ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥዪ» አለቻት። ብርነሽ የሰማችው «በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር።

እሁድ ዕለት ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ወደ መድረክ ወጣች። ስለ ሙቀቱ ተናገረች። ስኳሯ አንድ መቶ አራት ሆኖ እንደተገኘ ተናገረች። እስከዚህ ድረስ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ መድረክ መሪው ማይኩን ወደ ራሱ መለሰና፣

«መድኃኒቱንስ፣ እህታችን?» አላት።

ብርነሽ በዚያ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ክኒኗን ውጣ ነበር የመጣችው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል። «እየወሰድኩ ነው» ብትል ማንም አይቆጣትም ነበር፤ ኋላ ብዙ ጊዜ አስባበታለች። በዚያች ሰዓት ግን እንደዚያ ማለት የተደረገላትን ሁሉ ማበላሸት መሰላት። እግዚአብሔርን ያሳፈረች መሰላት።

«ትቼዋለሁ» አለች።

አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ሴቶች መጥተው አቀፏት። ብርነሽ ትዋሻለች ብሎ የሚጠራጠር በዚያ አዳራሽ አንድም ሰው አልነበረም። ሐሙስ ካለች ሐሙስ የምታደርስ ሴት ናት።

ቤቷ ስትገባ ያለችውን እውነት ለማድረግ ወሰነች፤ የማታውን ክኒን አልዋጠችም። በማግስቱም አልዋጠችም። አንድ ሳምንት ደህና ነበረች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጥማቱ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ የመርፌው ቀዳዳ አንዴ ሁለት አንዴ ሦስት ሆኖ ይታያታል። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደች። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።

«ማነው አቁሚ ያለሽ?» አለቻት ነርሷ።

«ማንም አላለኝም።»

«እንግዲያው ማንም ሳይልሽ ጀምሪ። ዓይንሽ ከጠፋ በምንሽ ትሰፊያለሽ?»

በዚያው ቀን ጀመረች። በመጪው እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ «ተሳስቻለሁ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሁድ መጣ፣ ሄደ። ሌላው እሁድም። ላፍቶ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሸጠው ልጅ የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ስለነበረች ብርነሽ ክኒኗን ለመግዛት በታክሲ ሳሪስ መሄድ ጀመረች።

መኩሪያ አስተዋለ።

«ለመድኃኒት ሳሪስ ድረስ ምን ያስኬድሻል?»

«እዚህ አልቋል።»

«ትናንት ጠይቄ ነበር፤ አለ።»

«ሰው እንዳያየኝ ነው» አለች ብርነሽ።

«ይይሽ። ታመምሽ እንጂ ሰረቅሽ?»

«ተፈውሻለሁ ብያለሁ እኮ።»

«ታዲያ አልተፈወስኩም በያቸው።»

«አንተ አይገባህም።»

«እሱስ አይገባኝም» አለ መኩሪያ፤ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ሥራው ወጣ። ከዚያ በኋላ አላነሣባትም።

ምስክርነቱ ግን በአንድ እሁድ አላበቃም። አዳራሹ በየሰፈሩ የተከፋፈሉ የቤት ኅብረቶች አሉት፤ በሳምንት አንድ ቀን በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱ ኅብረት «እህት ብርነሽ መጥታ ትመስክርልን» አለ፣ ሌላውም ሰምቶ ጠራት። እምቢ ብትል ምክንያት ትጠየቃለች፤ ስለዚህ ሄደች። በደጋገመችው ቁጥር ታሪኩ እየተሟላ መጣ። በሦስተኛው ቤት ላይ የክኒኑን ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ እንደጣለችው ተናገረች። አልጣለችውም። በአምስተኛው ላይ ሐኪሙ ራሱ ተደንቆ እንደነበር አከለች። የተደነቀ ሐኪም አልነበረም።

ለራሷ የምትሰጠው ምክንያት አላጣችም። በእምነት መናገር ነገሩ ከመሆኑ በፊት መናገር ነው፤ ፈውሱ ሲፈጸም ውሸቱ እውነት ይሆናል፤ እስከዚያ ክኒኑ ለጊዜው ነው። ደግሞ ሰዎች እሷን ሰምተው ይጽናናሉ፣ ይጸልያሉ፤ ይህ ምን ክፋት አለው? በሱቋ ግን እንደ ድሮዋ ነበረች። አንዲት ደንበኛ የቀሚሷ ጨርቅ ጥሩ መሆኑን ስትጠይቃት «አንድ ክረምት አይሻገርልሽም» ብላ ነግራታለች። ለጨርቅ የማትዋሽ ሴት ለእግዚአብሔር ስትል ትዋሽ ነበር። ይህን ራሷ አስተውላው አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጣ ብዙ ቆይታለች። ጸሎትም ከብዷት ነበር። ተንበርክካ «ጌታ ሆይ» ካለች በኋላ የምትቀጥለው ነገር ይጠፋታል፤ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት በከምባትኛ በቃሏ የያዘች ሴት ናት።

አሥር ወር በዚህ አለፈ።

በየካቲት ወር ለቡ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ንግስት የተባለች ሴት ለኅብረቷ እንድትመሰክር ጠራቻት። ንግስት ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን የምታሳድግ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ልጇ ጫልቱ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ የሆቴል አስተዳደር ትማራለች። ጫልቱ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ የእሷ ግን በክኒን የሚያዝ ዓይነት አይደለም። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ካልተወጋች ሰውነቷ የሚተካው የለውም። ይህን ልዩነት ብርነሽ በዚያን ጊዜ አታውቅም ነበር። ልጅቷ እንደምትወጋ ግን ታውቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አሥራ ሁለት ያህል ሰው ሳሎኑን ሞልቶታል። ብርነሽ እንደ ወትሮዋ ተናገረች፣ ተጸለየ፣ ሻይ ተጠጣ። ልትሄድ ስትነሣ ጫልቱ «ታክሲ ድረስ ልሸኝዎት» ብላ አብራት ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመችና፣

«እትዬ ብርነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ካቆሙ በኋላ አንድም ቀን አልወሰዱም?»

ብርነሽ በዚያ ጠዋት ወስዳለች። ደረጃው ላይ ሌላ ሰው የለም፤ ማይክ የለም፤ የሚያጨበጭብ የለም።

«አንድም ቀን» አለች።

«አልፈሩም?»

«ጌታ በያዘው ነገር ምን ያስፈራል።»

ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች። ወርደው መንገድ ዳር ታክሲ እስኪመጣ አብራት ቆመች፤ ስለ ትምህርቷ ትንሽ አወሩ። ታክሲው ሲመጣ ብርነሽን ስማት ተለየቻት።

ብርነሽ ስለዚያ ዓመት ስታወራ የመጀመሪያው ውሸት ድንገት ከአፏ አምልጦ እንደወጣ ትናገራለች። ስለ ደረጃው ግን እንዲህ አትልም። «እዚያ ጊዜ ነበረኝ» ነው የምትለው።

በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ስትሰፋ ስልኳ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያኗ የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። «ለእህታችን ጫልቱ በብርቱ ጸልዩ፤ ኮሌጅ ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታለች» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመኪናው ላይ የነበረውን እጅጌ ሳትጨርስ ሱቋን ዘግታ ሄደች።

ንግስት በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ብርነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። ንግስት ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«መርፌውን ካቆመች አራት ቀን ሆኗታል አሉኝ የኮሌጅ ጓደኞቿ። እኔ እየተወጋሽ ነው? ስላት አዎ ትለኝ ነበር።» ዓይኗን ከክፍሉ በር አላነሣችም። «የአንቺን ሰምታ ነው፣ ብርነሽ። አልቀየምኩሽም። ግን ለአንቺ የሠራ ጌታ ለእሷ ለምን ከለከላት? ምን በድለን ነው? እኔ ያልተናዘዝኩት ነገር ይኖር ይሆን? ከሰዓት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው፤ አላገኘሁትም።»

ብርነሽ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። የንግስትን እጅ ይዛ አብረው ጸለዩ። ንግስት በጸሎቷ ውስጥ ስለማታውቀው ኃጢአቷ ይቅርታ ለመነች፤ ብርነሽም «አሜን» አለች። ከዚያ ደህና እደሪ ብላት ወጣች።

ቤት ስትደርስ መኩሪያ እራት እየበላ ነበር። እጇን ሳትታጠብ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የደረጃውን፣ የኮሪደሩንም። መኩሪያ መብላቱን አቁሞ ሰማት። ብዬሽ አልነበረም ወይ አላለም።

«ልጅቷ ትተርፋለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አላወቁም።»

«ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

በማግስቱ ሥራ ቀርቶ ሸኛት፤ እሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ቀረ። ንግስት እዚያው አግዳሚ ላይ ነበረች፤ ያንኑ ልብስ ለብሳለች። ብርነሽ አልተቀመጠችም።

«ንግስት፣ እኔ አልተፈወስኩም። ክኒን እየወሰድኩ ነው።»

ንግስት ቀና ብላ አየቻት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ያቆምኩት ሃያ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላቋረጥኩም።»

«ቤቴ መጥተሽ ስትመሰክሪስ?»

«ጠዋት ውጬ ነበር የመጣሁት። ጫልቱ ደረጃው ላይ ጠይቃኝ ነበር። አንድም ቀን አልወሰድኩም አልኳት።»

ንግስት ሻርቧን ወደ ፊት ሳበች።

«ትናንት እዚህ ተቀምጬ ራሴን ስከስ አብረሽኝ ጸለይሽ» አለች።

«አዎ።»

«አሜን አልሽ።»

«አዎ።»

«ሂጂልኝ።»

ብርነሽ ሄደች። ንግስት ኋላ ለፓስተሩ እንደነገረችው፣ በዚያ ጠዋት በሕይወቷ ያን ያህል ተቆጥታ አታውቅም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰቃያት ያደረው ጥያቄ ከላይዋ ወረደ። ልጇን እግዚአብሔር አልከለከላትም፤ የተዋሸው በእሱም ላይ ነበር።

ጫልቱ በዚያው ቀን ማታ ዓይኗን ገለጠች። በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች።

ብርነሽ ግን ይህን ሳትሰማ፣ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳ ነበር። ፓስተር ኢያቄም ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቢሮው ውስጥ ነበር። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ፓስተሩ አላቋረጣትም። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ።

«ለሽማግሌዎች እነግራቸዋለሁ» አለ። «ንስሐሽን እንቀበላለን፣ እንጸልይልሻለን። በኅብረቶቹም በኩል በጥንቃቄ እናስተካክለዋለን። ሰው ሁሉ ፊት መቆም ግዴታ አይደለም፣ እህት ብርነሽ። ደካሞች አሉ፤ ይሰናከላሉ።»

«ፓስተር፣ የዋሸሁት በማይክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ያቆመ ሰው ቢኖርስ? እርስዎ ያውቃሉ ማን እንዳቆመ?»

ፓስተሩ አያውቅም ነበር። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የተናገረውን ብርነሽ አልጠበቀችም ነበር።

«እኔም አለሁበት። በዚያ እሁድ መድኃኒት ትተሻል ወይ ተብለሽ መጠየቅ አልነበረብሽም፤ ከወረድሽ በኋላ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። ተውኩት። እምነት የለውም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰው ደስ ብሎት ነበር፣ ደስታውን መንካት አልፈለግሁም።»

«ታዲያ እሁድ?»

«እሁድ ትናገሪያለሽ። ከአንቺ በኋላ እኔ እናገራለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ተቃወሙ። አንዱ፣ ነገሩ ቢታወቅ ጎረቤት ይስቅብናል አለ። ፓስተሩ፣ እግዚአብሔር ስሙን ለመጠበቅ የእኛን ውሸት የሚፈልግ ከሆነ እስካሁን ስናመልክ የኖርነው ማንን ነው? ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም፤ አልተስማሙም።

በዚያ እሁድ መኩሪያ አብሯት መጣ፤ በሠርግ ካልሆነ አዳራሹን ረግጦት አያውቅም። ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ብርነሽ መድረክ ላይ ስትወጣ ብዙዎች አዲስ ምስክርነት የምትሰጥ መስሏቸው ገና ሳትናገር «ሃሌ ሉያ» አሉ። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«አምና እዚህ ቆሜ መድኃኒቴን ትቻለሁ ብያችኋለሁ» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት ወስጄ ነበር የመጣሁት። ውሸቴን ነው። ኋላ ለማቆም ሞክሬ ታመምኩ፤ ተመልሼ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እየወሰድኩ ነው።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት በልማድ «አሜን» አሉ። ከዚያ ምን እንደተባለ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ብልቃጡን ጣልኩት ያልኩት ውሸት ነው። ሐኪም ተደነቀ ያልኩት ውሸት ነው። እኔን አምና መርፌዋን ያቆመች ልጅ ለሞት ደርሳ ነበር። እኔን ሰምቶ መድኃኒት ያቆመ ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ ዛሬም አምናለሁ። እኔን ግን መድኃኒት ተዪ አላለኝም። እሱ ያላለውን አለ አልኩበት። ይቅር በሉኝ።»

ማይኩን ለመድረክ መሪው መልሳ ወረደች። ማንም አላቀፋትም። ፓስተር ኢያቄም ተነሥቶ በቢሮው የነገራትን ለሕዝቡ ነገረ፤ ምንም አልጨመረበትም። በዚያ ቀን ስብከት አልነበረም። ጸልየው ተበተኑ።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ የሚያስደስት አልነበረም። ወደ አሥር የሚሆኑ ቤተሰቦች አዳራሹን ትተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። አንዳንዶች፣ ብርነሽ ተፈውሳ ነበር፤ ፈውሷን ያጣችው በመጠራጠሯ ነው ብለው አወሩ፤ ይህን ወሬ ያወሩት ሙቀቱን ስትመሰክር ካቀፏት መካከል ነበሩ። ለመዘምራን የምትሰፋው አርባ ጋውን ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሰጠ። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ነሐሴ ሱቋ በር ላይ የተሰለፉት ወላጆች ከቀደመው ዓመት ያነሱ ነበሩ፤ የቀሩት ለምን እንደቀሩ አልነገሯትም።

ሌላም ነገር ሆነ። ከዚያ እሁድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰዎች አንድ በአንድ፣ ሱቁ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቀው መጡ። የመጀመሪያው ጋሽ በንቲ የሚባሉ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነበሩ። መጥበብ የማያስፈልገው ሱሪ አጥብቢልኝ ብለው አመጡ። ሱሪውን ስትለካ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የደም ግፊት ክኒኔን ካፖርት ኪስ ውስጥ ደብቄ ነው የምውጠው። ሚስቴም አታውቅም» አሏት።

«ለምን ደበቁ፣ ጋሼ?»

«ባለፈው ዓመት መስክሬ ነበራ። ከአንቺ ቀጥዬ።»

እንዲህ ያሉ አራት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ጭራሽ አቁመው የነበሩ ናቸው። ብርነሽ ሁለቱን ራሷ ጤና ጣቢያ ይዛ ሄደች። ያ ሁሉ ሰው በአንድ አዳራሽ እርስ በርሱ ሲደባበቅ መኖሩን ለፓስተሩ ስትነግረው፣ ፓስተሩ ከዚያ ወር ጀምሮ ስለ ፈውስ የሚመሰክር ሰው መድኃኒት ተወ ወይ ተብሎ እንዳይጠየቅ ከለከለ። ከጉባኤው አባላት አንዷ ነርስ ናት፤ በወሩ መጨረሻ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ደም ግፊትና ስኳር ትለካለች።

ጫልቱ በሰኔ ወር ሱቋ መጣች። ከስታለች፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ብርነሽ ከመኪናው ተነሥታ ምን እንደምትል ጠፍቷት ቆመች።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለች።

«እኔም እናቴን ዋሽቻታለሁ። ተወጋሽ ስትለኝ አዎ እላት ነበር» አለች ጫልቱ።

«የኔ ይብሳል።»

«ይብሳል» አለች ጫልቱ። ከዚያ ተቀመጠች። ስለ ሆስፒታሉ ጥቂት አወራች፤ ስትነቃ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ሳይሆን እፍረት እንደነበረ፣ እምነቴ ስላነሰ ነው ብላ እንዳሰበች፣ እናቷ እውነቱን ስትነግራት ግን ለሁለት ቀን ከማንም ጋር ሳትነጋገር እንደቆየች። «ተናድጄብዎት ነበር» አለች። «አሁንም አልፎ አልፎ እናደዳለሁ። ግን መጥተው ባይነግሩን ኖሮ እስከ ዛሬ ራሴን ነበር የምጠላው።»

ስትሄድ ብርነሽ እስከ መንገዱ ሸኘቻት።

ንግስት ግን ቶሎ አልቀረበቻትም። በአምልኮ ቀን ሲገናኙ በራሷ ሰላም ትላትና ታልፋለች። ብርነሽም አላስጨነቀቻትም፤ ሽማግሌ አልላከችባትም። መኩሪያ አንድ ጊዜ «ሄደሽ እግሯ ላይ ብትወድቂስ?» ቢላት፣ «ይቅርታዋን በግድ ልወስድባት?» ብላ መለሰችለት። ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ባለፈው ገና ዋዜማ አዳራሹ ሞልቶ ብርነሽ መግቢያው አጠገብ ቆማ ቀረች። ንግስት ከመካከለኛው ወንበር ዞር ብላ አየቻት፤ ቦርሳዋን ከጎኗ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና በእጇ ጠራቻት። ብርነሽ ሄዳ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አልተነጋገሩም። ሲወጡ ንግስት «እግርሽ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛል» አለች ብርነሽ። «ሲውል ይሻለዋል።»

አብረው እስከ ታክሲ መያዣው ሄዱ።